ስለ ጎንደርና ስለ ላሊበላ የአየር መንገድ ርቀትና ስለ መንገደኛው ሰዓት

የሁለት ሀገር ርቀት በምን ይለካል ተብሎ ቢጠየቅ፥ የቀድሞው ሰው የስንት ቀን መንገድ እንደ ሆነ ይናገር ነበር፤ የመኪና መንገድ ከተሠራ ወዲህ ያለው ሰው ግን ኪሎ ሜትሩን መቍጠር ለመደ። አይሮፕላን ከመጣ በኋላ ነገሩ ወደ ጥንቱ ተመልሷል። ትኬት የሚቈርጥ መንገደኛ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብሎ አይጠይቅም፤ በስንት ሰዓት እደርሳለሁ ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን አይሮፕላን በአየር ላይ የሚያቋርጠው ርቀትና መንገደኛው ከቤቱ ወጥቶ ካሰበበት ሥፍራ እስኪደርስ ድረስ የሚያጠፋው ሰዓት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንንም ልዩነት ከጎንደር እስከ ላሊበላ ያለው መንገድ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አጕልቶ ያሳያል።

እነዚህን ሁለት ከተሞች የሚያገናኛቸው ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የበዓላት ቀመርም ጭምር ነው። የልደትን በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ ያከበረ ካህን ወይም ምእመን፥ የጥምቀትን በዓል በጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ለማክበር ቢመኝ ጥር 11 ቀን እዚያ መገኘት አለበት። በመካከሉ ያለው ጊዜ 12 ቀን ነው። የመኪናው መንገድ ከላሊበላ ወደ ጋሸና ወጥቶ፥ በቻይና መንግሥት ርዳታ በተሠራው የወልድያና የወረታ ጐዳና ገብቶ፥ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር የጉናን ተራራ ዞሮ ወረታ ከደረሰ በኋላ በአዲስ ዘመን ከተማ በኩል ወደ ጎንደር ያቀናል። ይህ ሁሉ ከ350 ኪሎ ሜትር አያንስም። በበቅሎ የሚሄድ ሰው በየቀኑ 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 12 ቀን ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። የጥንት መንገደኛ በዛሬው የመኪና መንገድ እንዳልሄደ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከአንዱ በዓል ወደ ሌላው በዓል ለመድረስ የነበረው ጊዜ ከመንገዱ ጋር ልክ ለልክ መግጠሙ የሚያስደንቅ ነው።

በአየር ግን ስንት ነው? ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሒሳብ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ሳይቸገር የሚከተለው ነው። የጎንደር አይሮፕላን ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ፥ የላሊበላው በ11 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ላይ ይገኛሉ፤ ልዩነታቸው 33 ደቂቃ ነው። ወደ ምሥራቅ በሚቈጠረው ደግሞ ጎንደር በ37 ዲግሪ ከ26፥ ላሊበላ በ38 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ላይ ስለ ሆኑ 93 ደቂቃ ይለያያሉ። የባሕርና የአየር መርከበኞች ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚለካውን የምድር አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ብለው ይጠሩታል፤ ይህም 1852 ሜትር ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚለካው ደቂቃ ከምድር ወገብ እየራቁ በሄዱ መጠን ያጥራል፤ በጎንደርና በላሊበላ አንጻር 93ቱ ደቂቃ 91 ማይል ያህል ይሆናል። እንግዲህ አንዱ ጐን 33፥ ሁለተኛው ጐን 91 የሆነውን ባለ ሦስት ማዕዘን ረጅም ጐን ቢያወጡት 97 ማይል ገደማ ይመጣል። በኪሎ ሜትር 179 መሆኑ ነው። መኪና ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ዞሮ የሚደርስበትን ሀገር አይሮፕላን በበለሳ ላይ አልፎ፥ የላይኛውን የተከዜ ሸለቆ ተሻግሮ፥ በግማሹ መንገድ ይደርስበታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለሀገር ውስጥ በረራ ያዋለው ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ተሽከርካሪ አይሮፕላን በሰዓት ከ6 መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ለመብረር ይችላል። በዚህ ፍጥነት ቢታሰብ 179 ኪሎ ሜትር 18 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በተግባር ግን በረራው ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ አጭር መንገድ በመውጣትና በመውረድ የሚያልቅ ነው። አይሮፕላኑ 2 ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከአዘዞ ሜዳ ተነሥቶ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይጠግብ ለመውረድ መዘጋጀት አለበት። በላሊበላም በኩል ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚወጣው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ስላለ፥ አብራሪው በቀጥታ ሳይሆን በተወሰነለት አቅጣጫ ዞሮ ይገባል። ከዚህም በላይ በሠሌዳ ላይ የሚጻፈው ሰዓት የበረራው ብቻ አይደለም፤ አይሮፕላኑ ከቆመበት መንቀሳቀስ ከጀመረ አንሥቶ በመድረሻው እስኪቆም ድረስ ያለውን ይጨምራል። አዲስ አበባና ባሕር ዳር በአየር 333 ኪሎ ሜትር ብቻ ተራርቀው ሳሉ ሠሌዳው አንድ ሰዓት ያህል የሚይዘው ስለዚህ ነው።

ግማሽ ሰዓት ማለት በሊቃውንት አቈጣጠር ምን ያህል እንደ ሆነ ማሰብ ደስ ያሰኛል። ቀንና ሌሊት በ60 ኬክሮስ ሲከፈል አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ይሆናል። በጥንት የ12 ቀን መንገድ የነበረው በአንድ ኬክሮስና በሩብ ተፈጸመ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን አይሮፕላኑ ከጎንደር ወደ ላሊበላ በቀጥታ የሄደ እንደ ሆነ ነው። ቀድሞ ታሪካዊው መስመር ተብሎ በሚጠራው ዙር አንዱ አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳርን፥ ጎንደርን፥ ላሊበላንና አክሱምን በተከታታይ እየነካ ይመለስ ነበር፤ መንገደኛውም ከአንዱ ወርዶ በማግሥቱ ወደሚቀጥለው ይሳፈር ነበር። ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን ግን ከጎንደር ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ቦሌ መምጣት አለበት። ከጎንደር ቦሌ በአየር 419 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቦሌ ላሊበላ 332። ድምሩ 751 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከቀጥታው መንገድ ከአራት እጅ በላይ ነው። በአየር ላይ የሚጠፋው ሁለት ሰዓት ያህል ቢሆን፥ በቦሌ ለሚቀጥለው በረራ የሚጠበቀው ሰዓት ከዚያ ሊበልጥ ይችላል፤ ያመለጠው ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ያድራል። አንድ ነገር ለማነጻጸር ያህል፥ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዳኮታ የተባለው አሮጌ አይሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበር ነበር። ያ ዝግተኛ አይሮፕላን ከጎንደር ወደ ላሊበላ በቀጥታ ቢሄድ በ40 ደቂቃ ይደርሳል። በዘመናችን ካሉት ጄቶች እጅግ ፈጣን የሆነው በቦሌ ዞሮ ቢሄድ አይቀድመውም።

ለዚህ አየር መንገዱን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። አይሮፕላን ነዳጁን አብዝቶ የሚፈጀው ሲነሣና ሲወጣ ስለ ሆነ፥ አጭር በረራ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከረጅሙ ይልቅ ብዙ ወጪ ያስወጣል። ከጎንደር ወደ ላሊበላ በተራ ቀን የሚሄደው ሰው ጥቂት በመሆኑ፥ ባዶ ወንበር ይዞ መብረር ኪሳራ ነው። ከየአውራጃው የመጣው መንገደኛ ሁሉ በቦሌ ቢሰበሰብ ግን ወደ ላሊበላ የሚሄደውም፥ ወደ ጅማ የሚሄደውም፥ ባሕር ተሻግሮ የሚሄደውም በየአይሮፕላኑ ይሞላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዓለም የታወቀው በዚሁ ዘዴ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ለአሥመጪና ለላኪ የሚስማማው ዘዴ ለጎረቤት አውራጃዎች ሁልጊዜ አይስማማም። ሁለት ከተሞች ባላንጣ ይመስል ፊታቸውን ወደ ሦስተኛ አዙረው፥ አንዱ ሌላውን የሚያገኘው በዋና ከተማው አደባባይ ብቻ ሲሆን፥ የቅርብ ዝምድና እየላላ ይሄዳል።

ነገሩ እንዴት ወደዚህ እንደ ደረሰ ለመረዳት ወደ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አይሮፕላን፥ የፈረንሳይ ሥራ የሆነው ፖቴዝ 25፥ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። ያን ጊዜ ማረፊያው በልደታ ነበር፤ ሰፈሩ ዛሬም አሮጌ አይሮፕላን ማረፊያ ይባላል። የጄት ዘመን ሲመጣ የልደታው ሜዳ ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ማረፍ ጀመሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር የሚነሣ አይሮፕላን ደግሞ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። የቦሌው ረጅሙ መንደርደሪያ 3800 ሜትር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በአውራጃዎች ግን ሜዳው ብዙ ጊዜ የሣርና የአፈር ነበር። የላሊበላው ማረፊያ ራሱ አስፋልት ሳይነጠፍለት በፊት ክረምት ሲገባ ይዘጋ እንደ ነበር ይታወሳል። ጠንካራው ሜዳ፥ ነዳጁ፥ የጥገናው ሥራ ሁሉ በአዲስ አበባ ስለ ነበረ፥ አይሮፕላኑም ማታ ማታ ወደዚያ መመለስ ግዴታው ሆነ።

ዛሬ የአውራጃ ማረፊያዎች አስፋልት ተነጥፎላቸዋል፤ የመንገደኛው ድካም ግን ከአየር ወደ ምድር ወርዷል። የጎንደሩ ማረፊያ በዐፄ ቴዎድሮስ ስም የተሰየመው በአዘዞ፥ ከከተማው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። የላሊበላው የበለጠ ያስገርማል፤ ከማረፊያው እስከ ቤተ ክርስቲያናቱ ወፍ ቢበር 9 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሳለ፥ መኪናው ቍልቍለትና ዐቀበት እየዞረ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በአዲስ አበባም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከምሥራቁ የከተማ ክፍል፥ ከአያት፥ ከሲ.ኤም.ሲ.፥ ከጉርድ ሾላ፥ ከኮተቤም ቢሆን የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ መጀመሪያ መገናኛ ይደርሳል፤ ሰፈሩ በእውነት ስሙን የመሰለ ነው። ከመገናኛ ወደ ላይ የወጣ ላም በረት ሄዶ በአውቶቡስ ይሳፈራል፥ በደሴና በወልድያ በኩል ላሊበላ እስኪደርስ ሁለት ቀን ይቈጥራል። ወደ ታች የወረደ ቦሌ ይደርሳል፤ ያም 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህችን 5 ኪሎ ሜትር ጎሕ ሲቀድ በአሥራ አምስት ደቂቃ መሄድ ይቻላል፤ የቢሮ ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓት የሆነ እንደ ሆነ ግን አንድ ሰዓት የሚፈጅባቸው ቀኖች አሉ። ያን ጊዜ ከመገናኛ እስከ ቦሌ ያለው መንገድ ከጎንደር እስከ ላሊበላ ካለው በረራ እጥፍ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ ምዕራብ ሲያልፍ፥ ወደ አይሮፕላን ማረፊያው የሚታጠፍ ሐዲድ አልተዘረጋለትም። ሻንጣ የያዘ ሰው ከባቡሩ ወርዶ ታክሲ መፈለግ አለበት። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለው ጐዳና ታድሷል፤ የእግረኛውም መንገድ አምሯል። የባቡሩ ነገር ግን እንደ ነበረ ነው።

ይህን ማስላት ለመንግሥት ሠራተኛ የተለየ ጥቅም አለው። አንድ መሥሪያ ቤት ሹሙን ወደ ጎንደር ልኮ ከዚያ ወደ ላሊበላ እንዲያልፍ ሲያዝዝ፥ የሒሳብ ክፍሉ የውሎ አበሉን የሚያስበው በቀን ነው። ቀጥታ በረራ ባለበት ቀን ጠዋት ጎንደር ስብሰባ ያደረገ ሹም ከሰዓት በኋላ ላሊበላ ሊሠራ ይችላል፤ በቦሌ መዞር ግድ ከሆነበት ግን አንድ ቀን በመንገድ ላይ ይጠፋል፥ ሌሊቱም በአዲስ አበባ ይታደራል። ተመሳሳይ መንገድ የሚሄዱት ሰዎች በዓመት ውስጥ ብዙ ሲሆኑ የጠፋው ቀን ስንት እንደሚሆን ማንም ቈጥሮት አያውቅም። የታመመ ሰው ነገር ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ ከላስታ ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት የሚወሰድ በሽተኛ በጋሸናና በነፋስ መውጫ መንገድ ተንገላትቶ ይሄዳል እንጂ፥ 751 ኪሎ ሜትር በአየር ዞሮ የሚሄድ ገንዘብም ጊዜም የለውም። ለእርሱ 179 ኪሎ ሜትር የሚባለው ቍጥር በካርታ ላይ ያለ መሥመር ብቻ ነው።

ርቀቱ ሳይለወጥ መንገዱ ፈጽሞ የሚቋረጥበትም ጊዜ አለ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ወደ መቀሌ የሚደረገው በረራ ቆሞ ቆይቶ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር፥ በቦሌና በመቀሌ መካከል ያለው ርቀት እንደ ቀድሞው 5 መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ሁለት ዓመት ተለያይተው የተገናኙት ቤተ ሰቦች ለቅሶ ግን ሌላ መለኪያ የሚሻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚሄዱት በረራዎች ለጊዜው ተቋርጠው ነበር።

በቢሾፍቱ አጠገብ አዲስ ታላቅ አይሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት መታሰቡ ይታወቃል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከባሕር ማዶ መጥቶ ወደ ላሊበላ የሚያልፈው እንግዳ በቢሾፍቱ ወርዶ ለሀገር ውስጥ በረራ ወደ ቦሌ እንዲመጣ የሚደረግ ከሆነ፥ በሁለቱ መካከል የሚሄደው ባቡር ወይም መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ከወዲሁ በሠሌዳው ውስጥ መቈጠር አለበት፤ ይህ ካልሆነ በመገናኛ የታየው ችግር በአሥር እጥፍ ይደገማል።

ለባለ ሥልጣኖች ሊቀርብ የሚችለው ልመና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በዓመቱ ቀን ሁሉ ከጎንደር ወደ ላሊበላ ቀጥታ በረራ ይኑር ማለት አይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን በልደትና በጥምቀት መካከል ባሉት ቀኖች መንገደኛው ይበዛልና ወንበሩ ባዶ አይሆንም። ያን ጊዜ አንድ አይሮፕላን በቀጥታ መመላለሱን ከሁለት ወር በፊት በየአጥቢያው ማስታወቅ ይበቃል። ሲያስታውቁም ሰዓቱን በሀገራችን አቈጣጠር ደርበው ቢጽፉ መልካም ነው። በትኬት ላይ 7 ሰዓት ተብሎ የሚታየው ከንጋቱ 1 ሰዓት መሆኑን ያላወቀ ሽማግሌ፥ ከቀትር በኋላ ቦሌ ደርሶ አይሮፕላኑ ማለዳ እንደ ሄደ ሲነገረው ማየት ያሳዝናል። የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። የጥምቀት በዓል በፈረንጆች አቈጣጠር በጃንዩወሪ 19 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ20 ይሆናል። በዚያው ዓመት ልደት በታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚከበር በሁለቱ በዓላት መካከል ያለው ጊዜ 13 ቀን ነው። ይህን ሳይመለከት የመመለሻ ትኬቱን እንደ ልማዱ ለጃንዩወሪ 20 ያስያዘ ሰው፥ ታቦታቱ ገና በጥምቀተ ባሕሩ ሳሉ ከአዘዞ መነሣት ይገደዳል። ከ2016 ዓ.ም. ቀጥሎ ዘመነ ዮሐንስ የሚሆነው 2020 ዓ.ም. ነው።